ድህነትዎን ከሁለት ዓመት በፊት ያቅዱ

ሳን ሆዜ ወይም ኦክላንድ የሚኖሩ ወላጅ ከሆኑና ልጅዎ የግል ኮሌጅ ካማራት፣ የመጀመሪያው ሥራዎ ከሁለት ዓመት በፊት መደኽየት ነው። ቀልድ እንዳይመስልዎ። ለኮሌጅ እርዳታ የሚሞላው ቅጽ፣ ፋፍሳ፣ የሚያየው የዛሬውን ኪስዎን ሳይሆን የካቻምናውን የታክስ ወረቀትዎን ነው። እ.ኤ.አ. በ2026 ለምትገባ ልጅ የሚታየው የ2024 ገቢ ነው። እናም ገቢዎ በሚታይበት ዓመት ባለቤትዎ ነርስ ከሆኑ የሌሊት ፈረቃ አይቀበሉ፤ እርስዎም ወደ ኤርፖርት ሰው አይጫኑ። የትርፍ ሰዓቷ ገንዘብ የቤት ኪራይ ከፍላ ካለቀች ቆይታለች፤ ቅጹ ላይ ግን ገና በሕይወት አለች።

ቅጹ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ገቢ እንጂ ወጪ የሚያይበት ዓይን የለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በዓመት 117,400 ዶላር የሚያገኝ የአራት ሰው ቤተሰብ «ዝቅተኛ ገቢ» ያለው ነው ብሎ ነበር። ፋፍሳ ግን ለኑሮ ብሎ የሚተውልዎ ገንዘብ ኦክላንድም ይኑሩ አላባማ ገጠር ያው ነው። አላባማ ይዛወሩ አልልዎትም፤ እንጀራውን ከየት ያመጡታል?

ወደ እናትዎ እንምጣ። ደሴ ላሉት እናትዎ በየወሩ 300 ዶላር ይልካሉ እንበል። ለዚህ የሚሆን ሳጥን ቅጹ ላይ የለም። «በታክሴ ላይ በጥገኝነት ላስመዝግባቸው» ቢሉ ሕጉ ይመልስዎታል፦ የአሜሪካ ዜግነት ከሌላቸው አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ መኖር አለባቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እማማን ቲዋና ያዛውሯቸው። የበቆሎ ቂጣ እንደሆነ እዚያም ሞልቷል። ቡናቸውን ከማን ጋር እንደሚጠጡ ግን ሕጉም አላሰበበት።

እቁብዎም ጉዳይ አለበት። ቅጹ በሚሞላበት ዕለት ባንክ ያለው ገንዘብ ይጠየቃል። ዕጣው የወጣልዎ በዚያው ሳምንት ከሆነ ሀብታም ሆነው ይመዘገባሉ፤ ገና የሚከፍሏቸው ዙሮች ግን ዕዳ ተብለው አይቀነሱልዎትም። ስለዚህ ሰብሳቢውን ለምነው ዕጣዎን ወደ መጨረሻ ያስገፉ። «ምን ሆነህ ነው?» ሲሉዎት «ለትምህርት ነው» ይበሉ፤ ለልቅሶ ካልሆነ በቀር ከዚህ የሚከበር ምክንያት የለም።

ገንዘቡን በልጅዎ ስም ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በወላጅ ስም ካለ ቁጠባ ለኮሌጅ ይከፈላል ተብሎ የሚታሰበው ቢበዛ ከመቶ 5.64 ነው፤ በልጅ ስም ሲሆን 20 ይደርሳል። በልጅነታችን ዘመድ ለእንቁጣጣሽ የሰጠንን ብር እናቶቻችን «ላስቀምጥልህ» ብለው ይወስዱብን ነበር። ብሩን ዳግመኛ አላየነውም፤ ለካ ፋፍሳን አውቀውት ኖሯል።

የሚኖሩበት ቤት በፋፍሳ አይቆጠርም። በየሠርጉ ፎቶውን የሚያሳዩት፣ አያት ሰፈር ያሠሩት ጂ ፕላስ ሁለት ግን ይቆጠራል። ብዙ የግል ኮሌጆች የሚጠይቁት ሌላው ቅጽ፣ ሲ.ኤስ.ኤስ ፕሮፋይል፣ የሚያድሩበትን ቤት ዋጋ ሳይቀር ይጠይቃል። ይደብቁ እያልኩ አይደለም፤ መደበቅ ወንጀል ነው። ቤቱን ሳይሆን ጉራውን ይቀንሱ፤ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ክትፎ እየበሉ ስለ ፎቁ ማውራት ያስቀናል እንጂ እርዳታ አያስገኝም።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ብድር አለ። ሳንታ ክላራ ዩኒቨርሲቲ ከነመኝታና ምግቡ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። ወላጅ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ65 ሺህ እንዳይበልጥ ተወስኗል። የአራት ዓመት ብድርዎ ተደምሮ የአንድ ዓመቱን ክፍያ አይሸፍንም ማለት ነው። ስታንፎርድ ገቢያቸው ከ150 ሺህ በታች ለሆነና ንብረታቸው መጠነኛ ለሆነ ቤተሰቦች የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ እዚያ መግባት ብቻ ነው የቀራት።

ዲ አንዛ ወይም ሌይኒ ኮሌጅ ሁለት ዓመት በርካሽ ተምሮ ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲ) መዛወርም አለ። ጥሩ መንገድ ነው። ይህን ለልጅቷ ሲነግሯት በሩን ዘግታ ከሁለት ቀን በኋላ ትወጣለች። እኛ ስድስት ኪሎ የመንግሥት ምሳ በልተን የተመረቅን ሰዎች የእሷን ኀዘን ለመረዳት እንቸገራለን።

ይህን እየጻፍኩ ስልኬ ጠራ፤ ጎንደር ያለው የእህቴ ልጅ ነው። የሚማረው የግል ኮሌጅ ነው። «ጋሼ፣ የሴሚስተሩ ክፍያ እስከ ዓርብ ነው ተባልን» አለኝ። የታክስ ወረቀት አልጠየቅሁትም። ስንት እንደሆነ ብቻ ጠይቄ ላክሁለት።