የልጆቹ ዓይን ተገልጧል፤ የእኛ አፍ ይከፈት

«ለልጅ ስለ ወሲብ ማውራት ዓይኑን መግለጥ ነው» ይላሉ። የልጁ ዓይን ከተገለጠማ ሰነበተ! ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎችን ይዞ ሳሎናችን ከገባ ወዲህ ልጆቻችን ፍቅሩንም፣ ቅናቱንም፣ ዛቻውንም እኛው አጠገብ ሶፋ ላይ ተቀምጠው አይተዋል። ያልተከፈተው የእኛ አፍ ነው።

«ኧረ እኛስ ነውር ነገር ሲመጣ ቻናል እንቀይራለን!» የትኛው ነውር ሲመጣ? ሲሳሳሙ አባት ሪሞት ፍለጋ ትራስ ይገለብጣል፣ እናት «ሂጂ ውኃ አምጪ» ትላለች። ሰውዬው ያቺኑ ሴት በጥፊ ሲላት፣ ክንዷን ጨምድዶ ሲጎትታት ግን ሪሞት የሚያነሳ የለም። ጭራሽ «ስለሚወዳት እኮ ነው፣ ቀንቶ ነው» ተብሎ ይፈረድለታል። ልጅቷ ትሰማለች፤ ወንድሟም ይሰማል። መሳም ነውር፣ መምታት ፍቅር ነው የሚለውን ትምህርት የሰጠናቸው ቱርኮች አይደሉም፤ እኛ ነን።

«ይሄ የፈረንጅ ወሬ ነው።» የወር አበባ ከፈረንጅ አገር አልመጣም! ልጅቷ ክፍል ውስጥ ድንገት ደም አይታ የምትሆነውን የምታጣው፣ ቀድሞ የነገራት ስለሌለ ነው። ሕጉም የራሳችን ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት፣ በአንቀጽ 627 ደግሞ 13 ዓመት ባልሞላቸው ልጆች ላይ የሚፈጸመውን ወሲባዊ ጥቃት ይቀጣል። ዳኛው ዘንድ የሚደረሰው ግን ልጁ አፍ አውጥቶ ሲናገር ነው። የገላውን ስም መጥራት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ የት እንደተነካ በምን አፉ ይናገር? የነካው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዕድ አይደለም፤ «ጋሼ» የሚለው፣ «ሳመው» እየተባለ የሚታዘዝለት ሰው ነው።

«ካወቁት ይሞክሩታል።» ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሻሻለው መመሪያ ያገናዘባቸው ጥናቶች እንዲህ አይሉም። የወሲብ ትምህርት ልጆችን ወደ ወሲብ እንደማይገፋ፣ እንዲያውም እንዲዘገዩ እንደሚረዳ ነው የሚያሳዩት።

«ታዲያ ከየት እንጀምር?» ከዛሬ ማታው ድራማ ጀምሩ። ጥፊው ሲመጣ ልጃችሁን «ይሄ ፍቅር አይደለም፤ ማንም ሊመታሽ አይገባም» በሏት፤ ወንድሟንም «አንተም አትመታም» በሉት። ትንሹ ልጅ «ከየት መጣሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ከገበያ ገዛንህ አትበሉት። እናቱ ማሕፀን ውስጥ እንዳደገ ንገሩት።