ጋሼ፣ ማይክዎን ይዝጉልን

34 ዓመት ሙሉ በቤተ መጻሕፍት ሰው ዝም ሳሰኝ ኖሬ፣ በጡረታዬ እኔኑ ዝም የሚያሰኝ መጣ። በሥራ ዘመኔ ተማሪ ሲያንሾካሹክ መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ ጫፍ አውርጄ አንዴ ካየሁት ይበቃው ነበር። ባለፈው ሐሙስ ግን የልጅ ልጄ እኩያ የሆነች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከስልክ ውስጥ ሆና «ጋሼ፣ ማይክዎን ይዝጉልን፤ ዶሮው ይሰማል» አለችኝ። ዶሮው የጎረቤቴ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት መጮህ ሲገባው ቀን 9 ሰዓት ይጮኻል። ማይኩ በየት በኩል እንደሚዘጋ ስላላወቅሁ እሱም እኔም እስከ መጨረሻው ተሰማን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ልጆች ከየክልሉ ባልደረቦቻቸው ጋር በዙም እየተገናኙ አንዱ ሌላውን ያስተምራል። ተማሪው በኢንተርኔት ሲማር ቤተ መጻሕፍቱ ምን ይርዳው፣ መጽሐፍ በኮምፒውተር እንዴት ይፈልግ፣ ይኼን ይኼን ነው የሚያወሩት። እኔንም «ልምድዎን ያካፍሉን» ብለው ጠሩኝ። ስብሰባው 3 ሰዓት ነው ተባልሁ። ክራባቴን አስሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስልኩ ፊት ተሰየምሁ። ለካ የፈረንጅ 3 ሰዓት ኖሯል! ስድስት ሰዓት ሙሉ የገዛ ፊቴን ብቻ ሳይ ዋልሁ። የዚህን ያህል ማርጀቴን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ሲጀመርም «ትሰሙኛላችሁ?»፣ «ይቆራረጣል»፣ «አሁንስ?» ሲባባሉ ጊዜው ሄደ። ሕንዳዊው ራንጋናታን እንደ ፈረንጆቹ በ1931 ካሳተማቸው አምስት የቤተ መጻሕፍት ሕጎች አራተኛው የአንባቢን ጊዜ ቆጥቡ ይላል። ስለ ባለሙያው ጊዜ ያለው ነገር የለም፤ ዙምን አላየማ።

ከዚያ ኮሃ የሚሉትን የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ማስተማር ጀመሩ። ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ እንደ ፈረንጆቹ በ2000 ሥራ የጀመረ ነው፤ በማኦሪዎች ቋንቋ ስሙ ስጦታ ማለት ነው አሉ። ስጦታ ከሆነ የይለፍ ቃል ምን ያደርጋል? የኔ የካታሎግ ካርዶች ከመሳቢያቸው ወጥተው «ማን ነህ?» ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። መብራት ቢጠፋ በጧፍ ይነበባሉ። የኢትዮጵያ ታሪክ በዲዊ የመጻሕፍት አመዳደብ 963 መሆኑንም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እነግራችኋለሁ፤ ልጆቹ ግን ለዚያም ይጎለጉላሉ።

ይኼን ሁሉ ችዬ ነበር። ያላስቻለኝ ከአንድ የውጭ መመሪያ ተገልብጦ የመጣው ስላይድ ነው። የደራሲው የመጨረሻ ስም ይቅደም፣ ከዚያ ኮማ፣ ከዚያ የራሱ ስም ይላል። እጄን አወጣሁ። አላዩኝም። እጅ ማለት ምልክት ነው፣ እሷን ይንኩ አሉኝ። የቷን እንደነካሁ እንጃ፣ ከስብሰባው ወጣሁ። ተመልሼ ስገባ እጄን ትቼ በአፌ ተናገርሁ።

ፍቅር እስከ መቃብርን የጻፈው ማን ነው? ሐዲስ ነው። በእነዚህ ልጆች አገባብ ግን «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ይሆንና ልጁ ለደከመበት መጽሐፍ አባትየው ይመሰገናሉ። የአባት ስም እኮ የቤተሰብ ስም አይደለም! የዋሽንግተኑ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እንኳ ሐዲስን ሐዲስ ብሎ ነው የሚያስገባው፤ እኛ ከማን ተምረን ነው? የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ደግሞ ይብሳል። ፕሮግራሙ የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ይቆርጥና «እግዚአብሔር፣ ስብሐት ገብረ» ብሎ ይመዘግበዋል። ሌቱም አይነጋልኝ የሚለውን ልቦለዱን ያነበበ ሰው ለምን እንዳማተብሁ ይገባዋል።

ዝም አሉ። ኔትወርኩ ተቋርጦ መስሎኝ «ትሰሙኛላችሁ?» ብዬ አረፍሁት! የእነሱ ቃል ወደ እኔም አፍ ገባ።

ያቺ ዶሮው ይሰማል ያለችኝ ልጅ ናት መልስ የሰጠችኝ። «ጋሼ፣ እኔም አንድ የቸገረኝ ነገር አለ» ብላ ደብተሯን አወጣች። ደብተር! በእስክሪብቶ! ተማሪዎች ፈልገው ያጧቸውን ቃላት አንድ ወር ሙሉ መዝግባለች። «ሀዲስ» ብሎ የጻፈ «ሐዲስ»ን አያገኝም፤ «አለማየሁ» ያለ «ዓለማየሁ»ን አያገኝም። ለእኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ፣ ሐ፣ ኀ እርስ በርሳቸው ባዕዳን ናቸው። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተገትሮ ተማሪው «የለም» ተብሎ ይሸኛል። እሷም ለተማሪዎቿ በሁሉም ሀ እየለዋወጡ መፈለግን በቴሌግራም ማስተማር ጀምራለች። እኔ ለዚህ የ«ተመልከት» ካርድ ነበረኝ፦ ሀዲስ፤ ሐዲስን ተመልከት። አንዷ ካርድ ስንቱን ተማሪ ከባዶ እጅ መመለስ አድናለች።

ያን ጊዜ ማንም ሳያዘኝ ዝም ብዬ አዳመጥሁ። ለአንድ ሁለት ደቂቃ ነው እንጂ አታግንኑት።

አሁን እንግዲህ የሚቀጥለው አስተማሪ እርስዎ ነዎት ብለውኛል። ሦስት ጊዜ እምቢ አልሁ፤ አራተኛ ሳይጠይቁኝ እንዳይተዉት ብዬ ቶሎ እሺ አልሁ። ስላይድ ስለማላውቅ የድሮ ካርዶቼን ከሣጥን አውጥቼ በ14ቱ ላይ ጽፌያለሁ፤ የልጅ ልጄ በስልኳ ፎቶ እያነሳች ታሳያቸዋለች። «አባባ፣ ጽሑፍዎ ደቂቅ ነው፣ አይታይም» ትላለች። ይጠጉ በያቸው አልኋት። ሰዓቱንም በሀበሻ 9 ሰዓት ብዬ አስጽፌያለሁ።

የዶሮውን ነገር ለጎረቤቴ ነግሬዋለሁ። እስከ ፋሲካ ታገሠኝ ብሎኛል።