በቀጭን ቡናና በወፍራም ወሬ መካከል ስላለው ግንኙነት

ስለ ጥሩ ቡና አፈላል የሚጽፉ ሰዎች አንድ ስህተት ይደጋግማሉ፤ ቡናውን ስኒው ውስጥ ይፈልጉታል። ስለ አቆላሉ፣ ስለ አወቃቀጡ፣ ስለ ውሃው ሙቀት ይከራከራሉ። የሙቀቱ ክርክር እንኳ ለአዲስ አበባ አያስፈልጋትም፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ይህም ሌላ አገር ያሉ ባለሙያዎች ቴርሞሜትር ይዘው የሚያሳድዱት ሙቀት ነው። ስለዚህ ይህ ጥናት ሙቀቱን ለእንጦጦ ትቶ ወደ ዋናው ጥያቄ ያልፋል፦ ከሦስቱ ዙር ቀጭኑ በረካ ሆኖ ሳለ፣ እሱን ሳይጠጡ መነሳት ነውር የሆነው ለምንድን ነው?

ኬሚስትሪው አያሻማም። ካፌይን በሙቅ ውሃ ፈጥኖ ስለሚሟሟ አብዛኛው በአቦል ተጠርጎ ይወጣል። ለቶና የሚተርፈው ቀለምና ትዝታ ነው፤ በረካ ደግሞ ከአተላው ጋር ተዋውቆ የተመለሰ ውሃ ነው። ጀርመናዊው ሩንገ በ1819 እ.ኤ.አ. ካፌይንን ከፍሬው ለይቶ ሲያወጣ ጎረቤት መጥራቱ አልተመዘገበም፤ ግኝቱም ከአቦል ወዲያ ያለውን ለማስረዳት አቅም ያጣው በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ወዲያ የሚሠራው ሌላ ሕግ ነው፤ ቡናው በቀጠነ መጠን ወሬው ይወፍራል። በአቦል የሚነሳው ብርዱ፣ የጤፍ ዋጋና የልጆች ጉንፋን ነው፤ ማንም የማይቀየምበት። በቶና «እንትና» የሚባል ሰው ብቅ ይላል። በረካው ሲቀዳ እንትና ስሙን ከነአባቱ ያገኛል፤ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ አንዷም በሩን ገርመም ታደርጋለች። ቋንቋውም ይመሰክራል። አቦል አንደኛ ነው፣ ቶና ሁለተኛ ነው፣ ሦስተኛው ግን ቁጥር መሆኑን ትቶ በረከት ይሆናል። አንድ፣ ሁለት፣ በረከት ብሎ የሚቆጥር ሕዝብ የሚሰፍረው ነገር ፈሳሽ እንዳልሆነ ያውቃል። ጥሪውም «ቡና ጠጡ» ነው፤ የምትመጣው አንዲት ጎረቤት ብቻ ብትሆንም በብዙ ቁጥር። (አንቱታ ነው የሚል ሰዋስው አዋቂ ቢነሳ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ «አንቺ» የምትባለውም በዚሁ ቃል እንደምትጠራ ይታወስ።)

ለሕጉ ተቃዋሚ አልጠፋም። አንዳንድ ቤት ቶናው ላይ አዲስ የተወቀጠ ቡና ይጨመራል፤ ታዲያ ቡናው ካልቀጠነ ሕጉ የት ገባ? ይላሉ። መልሱ ቀላል ነው፦ ባለቤቲቱ ቡናውን ያወፈረችው ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ እንዲመለስላት ነው። ሌሎች ደግሞ ማሽኑን ያነሳሉ። ማሽን በግማሽ ደቂቃ ስኒውን ይሞላል፤ በግማሽ ደቂቃ ግን ከሒሳብ በቀር ምንም አይወራም። ጀበና ገንፍሎ፣ ወርዶ፣ ማቶቱ ላይ እስኪሰክን ያለው ጊዜ የአሠራር ጉድለት የሚመስለው ወሬን ከምርቱ ላልቆጠረ ሰው ብቻ ነው። የሚቆላው ቡና ጢስ የጥሪው የመጀመሪያ ፊደል መሆኑም መዘንጋት የለበትም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አፓርታማ ውስጥ ቡና ሲቆላ ጥሪውን ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ጣሪያ ላይ የተለጠፈው የጢስ ጠቋሚ ነው፤ እየጮኸ ይመጣል፣ ነገር ግን አቦል እንኳ ሳይቀዳ መስኮት ተከፍቶ ዝም ያሰኙታል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ አቦሏን ፉት ብሎ «ሥራ አለብኝ» እያለ የሚነሳው ሰው ነው። ወፍራሙን ወስዶ ቀጭኑን ለሌላው ትቷል፤ በኬሚስትሪው መሠረት አትራፊ እሱ ነው። ይህን ሰው የሚያውቁት ሁሉ «ምነው፣ በረካውን ሳትጠጣ?» ብለው ይለምኑታል፤ ልመናው ግን እንደ ወጉ አንዴ ተደርጎ ይቆማል። ቀጣዩ ዙር ርዕስ አጥቶ ነበርና፣ ጫማውን አጥልቆ ከግቢው እስኪወጣ ድረስ ብቻ ይጠበቃል።