ውዳሴ ለመጽሐፍ መራጩ

ግእዝን ያለ መምህር በራሱ ለመማር የቆረጠውን የዘመናችንን የዳንግላና የእንጅባራ ወጣት ሳላመሰግን ባልፍ የሊቃውንት ዐፅም ይታዘበኛል፤ ይህ ብልህ ሰው ከመማር በፊት የመማሪያውን መጽሐፍ መምረጥ፣ ከመምረጥም በፊት የአመራረጡን ሥርዓት መመርመር እንደሚገባ፣ አባቶቻችን ያልደረሱበትን ምሥጢር ደርሶበታልና።

የቀድሞው ተማሪማ እንዴት ያለ የዋህ ነበር! ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከየደጁ ውሻ ጋር እየታገለ በእመቤታችን ስም ቁራሽ እየለመነ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ሲደርስ፣ የትኛው ሰዋስው እንደሚሻል ሳይጠይቅ፣ የአፍ መፍቻው አገውኛ ቢሆን እንኳ አማርኛውንም ግእዙንም ባንድነት ተሸክሞ፣ ከቀተለ እስከ ጦመረ ስምንቱን የግሥ አርእስት በቃሉ እያወረደ፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ቅኔውን ቆጥሮ ለየኔታ ይነግር፣ የኔታም ያለ ርኅራኄ ያፈርሱበት ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ሲደክም አንድ መጽሐፍ እንኳ አላማረጠም፤ ወይ ብኩንነት!

የእኛው መራጭ ግን በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ፣ ላምብዲን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያዘጋጀውን መማሪያ፣ የሌስላውንም መዝገበ ቃላት በስልኩ አከማችቶ፣ በሰዋስው ይጀመር ወይስ በንባብ የሚለውን ጉባኤ በየቡና ቤቱ ይመራል። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል እያየ ያደገ ሰው፣ ፈረስ ሳይኖረው ኮርቻ ሲያማርጥ ይኖራል ብለው የሚያሙት ምቀኞች አልጠፉም፤ ማማረጡ ራሱ ግልቢያ መሆኑ መቼ ገባቸው? በእርግጥ ተነሽና ወዳቂው፣ ተጣይና ሰያፉ ንባብ በፊደሉ ላይ ምልክት የለውምና ከሰው አፍ ካልተሰማ አይገኝም፤ ይህን የሚያውቁ መሪጌታም ከአጥሩ ማዶ አሉ። ነገር ግን መሪጌታው ወደ ስልክ የሚወርዱ ስላልሆኑ ከምርጫው ሊገቡ አልቻሉም።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልሠለጠኑም ነበር። ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ፣ ያን ያህል ቋንቋ እያወቀ፣ ሮም ላይ የተዋወቃቸው ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጎታ በመጡ ጊዜ፣ እንደ ቆሎ ተማሪ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ሲጠይቅ ሰነበተ፤ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1661 የታተሙለት ከዚህ ውርደት በኋላ ነው።

መራጫችን በቅርቡ ደግሞ ከሁሉ የላቀው መጽሐፍ ዲልማን በ1865 በላይፕሲክ ያሳተመው መዝገበ ቃላት መሆኑን አረጋግጦ፣ ግእዙ የተፈታው በላቲን ሆኖ ቢያገኘው፣ ምንም ሳይደናገጥ ላቲንን በራሱ ለመማር ቆረጠ። ለላቲኑም ተራ መጽሐፍ አይመጥነውምና ሲያጠያይቅ፣ ሰፊውን የላቲን ሰዋስው ሊቃውንቱ በጀርመንኛ እንደ ጻፉት ተነገረው። አሁን የጀርመንኛ መማሪያ እያማረጠ ነው።