ትንሹ ማሴ በማንያታ ግቢ

የጓሮ ትራክተር የሚባለው አንድ ቤተሰብ ግቢው ውስጥ ሣር ለማጨድ፣ መደብ ለማረስና በረዶ ለመጥረግ የሚገለገልበት ትንሽ ትራክተር ነው። በብዛት የታወቀው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ነው። ዊል ሆርስ እ.ኤ.አ. በ1946 ኢንዲያና ውስጥ ተመሠረተ፤ ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በ1961 ከብ ካዴትን አወጣ፤ ጆን ዲር በ1963 «110»ን አስከተለ። ዛሬ እነዚህን አሮጌ ማሽኖች ቅዳሜ ቅዳሜ እየፈቱ የሚገጥሙ ጡረተኞች በዚያ አገር ሞልተዋል። በኬንያዋ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ግን እንዲህ ያለ ማሽን ሥራ አያገኝም። ሣር የማጨዱ ውል ከጥንት ጀምሮ የፍየል ነው። ፍየል ናፍጣ አትጠጣም፣ መለዋወጫ አትጠይቅም፣ ሲቸግርም ትሸጣለች። በረዶም ቢሆን ከለስላሳ መሸጫው ማቀዝቀዣ ውጭ አይገኝም።

በዚህ የተነሣ በማንያታ «የግቢ ትራክተር» ተብሎ ሊመዘገብ የሚችለው ግቢ ውስጥ የቆመ ትራክተር ነው። ለዚህ ማዕረግ የሚበቁት በኬንያ ገጠር ሁሉ የሚታወቁት ትንንሾቹ ማሴ ፈርጉሰኖች፣ 35 እና 135 የሚባሉት ናቸው። የዘር ሐረጋቸው ከሰሜን አየርላንዱ ሃሪ ፈርጉሰን ይመዘዛል። ሰውዬው ማረሻውን ከትራክተሩ ጀርባ በሦስት ነጥብ አንጠልጥሎ በዘይት ግፊት የሚያነሣና የሚያወርድ ዘዴ ፈጠረ። በዚሁ ዘዴ የተሠራው ግራጫው ቲኢ20 ከ1946 እስከ 1956 ኮቨንትሪ ውስጥ ከ500 ሺህ በላይ ተመርቷል። ፈርጉሰን ቀደም ብሎ በ1938 ከሄንሪ ፎርድ ጋር የተዋዋለው ወረቀት ሳይጻፍ፣ በመጨባበጥ ብቻ ነበር። በኋላ የፎርድ የልጅ ልጅ ሽርክናውን አፈረሰው፤ ክርክሩም በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። የግመል ነጋዴ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዞ ዋጋውን በጣት በሚቆርጥበት አካባቢ የመጨባበጡ ታሪክ ማንንም አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ሁለቱ ሰዎች መሀላቸው ደላላ አለማስገባታቸው ነው።

እንዲህ ያለው ትራክተር ሲጠገን የመጀመሪያው ተግባር ዕድሜውን ማወቅ ነው። በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ ይህ ነገር ቀላል አይደለም። ማሴ 135 ገበያ የወጣው በፈረንጆቹ 1964 መጨረሻ ላይ ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1957 መሆኑ ነው። ከወዲያ ማዶ ያደገ ባለንብረት «የ57 ሥሪት ነው» ብሎ ናይሮቢ ሰው ይልካል። የናይሮቢው ባለሱቅ 57ን በራሱ አቆጣጠር ይሰማና የማሴ 35 ዕቃ ያወርዳል። በዚያን ዘመን በናፍጣ የሚሠራው 35 ስታንዳርድ የተባለ ባለ አራት ፒስተን ሞተር ነበረው፤ ባለ ሦስት ፒስተኑ ፐርኪንስ የተተካለት በ1959 ነው። 135ም የሚታወቀው በዚሁ ባለ ሦስት ፒስተን ፐርኪንስ ነው። እንግዲህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣው ፋሻ ለአራት ፒስተን ይሆናል። «ምናለ፣ አንዱ መጠባበቂያ ነው» ብሎ የሚጽናና አይጠፋም። ሦስቱም እንደማይገቡ የሚታወቀው ሞተሩ ተበትኖ ቅርጫት ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ትቶ ሞተሩና ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር መላክ ይበጃል። በሰዓት በኩል ግን ጠብ የለም፤ በአማርኛም በስዋሂሊም ጠዋት ሦስት ሰዓት ያው ሦስት ሰዓት ነው። ፉንዲ የሚባለው መካኒክ በስድስት ሰዓት የሚመጣው በአቆጣጠር ልዩነት አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የቁልፍ ጉዳይ ነው። የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ትራክተር ብሎኖች በኢንች የተለኩ ናቸው። በየሱቁ የሚሸጠው የቁልፍ ስብስብ በሚሊ ሜትር ነው። ከድንበሩ በስተሰሜን ነገሩ ይብሳል፤ በደርግ ዘመን ናዝሬት ላይ ይገጣጠም በነበረው የሶቪየቱ ቤላሩስ ትራክተር እጁን ያፍታታ መካኒክ ከሚሊ ሜትር ሌላ መለኪያ መኖሩን የሚያምነው በግድ ነው። ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች ብሎን 19.05 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 19 ቁልፍ ጥብቅ ብሎ ይይዘዋል፤ መካኒኩም ፊቱ ይበራል። ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛው 14.29 ነው፤ 14 ቁልፍ አይገባበትም፣ 15 ደግሞ ዙሪያውን ይሽከረከራል። ከሁሉ ተንኮለኛው ግማሽ ኢንቹ ነው። 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 13 ቁልፍ ይገባበታል፣ ይይዘዋል፣ ላላ ያሉትን ላላ ያደርጋል። ጠንከር ያለው ሲመጣ ያቺ የሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ክፍተት የብሎኑን ማዕዘን ትልጠውና ባለ ስድስት ጎኑ ክብ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሥራው የፒንሳ፣ ቀጥሎ የመሮና የመዶሻ፣ በመጨረሻም የብየዳ ቤት ነው። አንድ የኢንች ቁልፍ ስብስብ ከአንድ ፍየል ዋጋ በታች ሊገኝ ይችላል። ሆኖም ፍየሉን ሸጦ ቁልፍ የገዛ ሰው ቁልፉን ለጎረቤት ማዋስ ግዴታው ይሆናል፤ ከጎረቤት የሚመለሰውም ቁልፍ በሚሊ ሜትር የሆነበት ጊዜ አለ።

የናፍጣ ሞተር አልነሣም ባለ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው አየር ነው። ጋኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ የነዳ፣ ወይም ፊልትሮ የቀየረ ሁሉ አየር ያስገባል። ናፍጣው በጄሪካን ይመጣል፤ ጄሪካኑ ከየት እንደ መጣ አለመጠየቅ የሰፈሩ ጨዋነት ነው። ከውስጡ ግን ውሃና አሸዋ አብሮ ስለሚወጣ፣ ጋኑ ውስጥ ከመጨመሩ በፊት አንድ ሌሊት አስቀምጦ ማጥለልና ከላይ ያለውን ብቻ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ መቅዳት ያስፈልጋል። አየር የማስወጣቱ ሥራ በቅደም ተከተል ይሄዳል። አንደኛው ሰው የፊልትሮውን አናት ብሎን ያላላል፤ ሌላው ከሞተሩ ጎን ያለችውን የናፍጣ መሳቢያ እጀታ በአውራ ጣቱ ላይና ታች ያደርጋል። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ከዚያ አረፋና ናፍጣ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ናፍጣ፤ ያኔ ብሎኑ ይጠበቃል። እጀታዋ ያለ አንዳች ግፊት ላላ ብላ ከቀረች መሳቢያዋ ተበላሽታለች ብሎ መደምደም የተለመደ ነው፤ ስንቱ ጤነኛ መሳቢያ በዚህ ፍርድ ተፈትቷል። አብዛኛውን ጊዜ መሳቢያዋን የሚገፋው የካም ሾህ ጫፉ ላይ ቆሞ ነው፤ ሞተሩን አንድ ዙር ማዞር ብቻ ይበቃል። ቀጥሎ ፖምፓው ላይ ያሉት ሁለት የአየር ብሎኖች በየተራ ይላላሉ። በመጨረሻ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱት ቱቦዎች ዳዶ ላላ ተደርጎ ሞተሪኖው ይዞራል። ቱቦው ጫፍ ላይ ናፍጣው ብልጭ ብልጭ እያለ ሲመጣ ይጠበቃል፤ ሞተሩም አንዴ ያስነጥስና ነጭ ጭስ ተፍቶ ይነሣል። እጁን ከሚረጨው ናፍጣ ፊት የሚዘረጋ ሰው ካለ ከዚያ መራቅ አለበት፤ ከኢንጀክተር ጫፍ የሚወጣው ግፊት ቆዳ ይበሳል።

በዚህ ሁሉ መሀል ግቢው ውስጥ ቁጥራቸው የማይታወቅ አማካሪዎች ይኖራሉ። አንዱ ችግሩ ባትሪ ነው ይላል፣ ሁለተኛው ቴስታታው ነው ይላል፣ ሦስተኛው የቀድሞው ባለቤት ረግሞት ነው ይላል። ሦስቱም ሻይ ይጠጣሉ። ምክራቸውን ሙሉ በሙሉ መናቅ ግን አይገባም፤ የባትሪው ሰው ብዙ ጊዜ ልክ ነው።

አቧራው ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። የእነዚህ ትራክተሮች አየር ማጣሪያ በአብዛኛው ወረቀት የለውም፤ የሚገባው አየር ከታች ባለ የዘይት ሳህን ላይ እንዲጋጭ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ አቧራው እዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ለወረቀት ማጣሪያ ገንዘብ ለማያወጣ ባለንብረት ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ክፋቱ ዘይቱ ሲጠቁርና ሲወፍር ማንም የማያየው መሆኑ ነው። በማንያታ ቀይ አፈር፣ እርሻ በሚታረስበት ሰሞን ሳህኑ በየቀኑ ተፈትቶ ደለሉ መጠረግ አለበት። ይህ ካልተደረገ አቧራው ፒስተን ጋ ይደርስና ሞተሩ ዘይት መጠጣት ይጀምራል። ራዲያተሩ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ውሃ በአህያ ጋሪ በሚገዛበት ሰፈር ከቤተሰቡ ጋር የሚሻማ አንድ ተጨማሪ አፍ ነው። የጉድጓድ ውሃ ጨውና ኖራ ስላለበት በፈላ ቁጥር ቱቦዎቹ ውስጥ እየተጋገረ ይሄዳል፤ የዝናብ ውሃ ከጣሪያ አጠራቅሞ ለራዲያተሩ ማስቀመጥ ይሻላል። የቤቱ እመቤት በዚህ አሠራር ላይ ያላት አስተያየት ከቴክኒክ መጽሐፍ አይለይም፤ ትራክተሩ የዝናብ ውሃ ሲጠጣ ልጆቹ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጡበትን ምክንያት ግን ትጠይቃለች።

ቀለም መቀባት ከጥገና ይቆጠራል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። በቀይ ቀለም አምሮ ሞተሩ የማይነሣ ማሴ ከአንድ በላይ ግቢ ውስጥ ይገኛል።

ሥራው አልቆ ትራክተሩ መንገድ ሲወጣ ድንበርተኛ ትራክተር ከሌላ ተሽከርካሪ ሁሉ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። ኬንያ ውስጥ በግራ ይነዳል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በቀኝ፤ በሞያሌ መስመሩን አቋርጦ የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ መሪው ያለበት ጎን ከነዚህ ለአንዱ የማይመች ነው። ማሴ መሪው መሀል ላይ ነው። ለሁለቱም መንግሥት እኩል ይመቻል፤ በዚህም የተነሣ ሾፌሩ በየትኛው ጎን መሄድ እንዳለበት ጨርሶ ይረሳል።

ዝናቡ አልፎ የእርሻው ሥራ ሲያበቃ ትራክተሩ ለወራት ይቆማል። ያን ጊዜ ጎማዎቹ ከመሬት ከፍ እንዲሉ አክሱ ሥር ድንጋይ ይደረጋል። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ወደ ታች ተረግጦ በእንጨት ይታሰራል፤ ካልታሰረ ዲስኩ ዝጎ ይጣበቅና በሚቀጥለው ወቅት ማርሽ አልገባም ይላል። እንጨቱን ልጆች ለኳስ ጎል ሲወስዱት መተካት ነው። የጭስ መውጫው ወደ ላይ የቆመ ከሆነ የዝናብ ውሃ በእሱ ገብቶ ቫልቮላ ያዝጋል፤ ስለዚህ አፉ ላይ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይደፋበታል። ሞተሩ ጣሳው ሳይነሣ ከተነሣ ጣሳው የሚፈለገው ከአጥሩ ማዶ ነው።