ቤተ መቅደስን በፎቶ ለማበላሸት የሚረዱ ምክሮች

የእምነት ሕንጻ ለፎቶ አንሺ የተመቸ ነው። በሩ ወዴት እንደሚዞር፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት በየት በኩል እንደምትገባ፣ ሰው በየት ተራምዶ የት ላይ ቀና እንደሚል ድንጋዩ ሳይፈለጥ የታሰበበት ነው። ሕንጻውን ዝም ብሎ የተከተለ ሰው ሳያስበው ደህና ፎቶ ይዞ ይመለሳል። አበላሽቶ መመለስ የሚሻ ግን ዝግጅት ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ፣ ፎቶውን ከጉዞው በፊት ይጨርስ። ሻንጣ ሳያሰናዳ ኢንስታግራም ላይ የወደደውን ምስል ይምረጥና ያንኑ ለመድገም ትኬት ይቁረጥ። በኢንዶኔዥያ፣ ባሊ ደሴት ላይ የሚገኘው የሌምፑያንግ ቤተ መቅደስ ለዚህ ተወዳዳሪ የለውም። ከላይ እስከ ታች ለሁለት የተሰነጠቀ የሚመስል ረጅም የድንጋይ በር አለው፤ ደመና ከሌለ በመሐሉ የባሊ ሰዎች ከተራሮች ሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት አጉንግ ይታያል። በታዋቂው ፎቶ ላይ በሩ ጥርት ካለ ሐይቅ ዳር ቆሟል።

ሐይቅ የለም። ያለው የተነጠፈ ግቢ፣ ረጅም ወረፋና አንዲት ቁራጭ መስተዋት ነው። ተረኛው ጎብኚ ስልኩን ለአካባቢው ፎቶ አንሺ ይሰጣል፤ እሱም መስተዋቷን ከሌንሱ ሥር ጠጋ ሲያደርጋት ንጣፉ ውሃ ይሆናል። እጅ ዘርግቶ አንድ፣ ዘሎ አንድ፣ ዞሮ አንድ፤ ከዚያ የሚቀጥለው ይጠራል። ከዚህ በር በላይ፣ ወደ 1,700 ደረጃ ወጥቶ የሚደረስበት ሌላ መቅደስ ተራራው አናት ላይ አለ። መስተዋቱ ያለው ከታች ስለሆነ የመውጣቱ ትርፍ ድካም ነው።

ቀጥሎ አቅጣጫን ይናቅ። የክመሮች፣ ማለትም የጥንት ካምቦዲያውያን፣ ቤተ መቅደሶች አብዛኞቹ ወደ ምሥራቅ ሲዞሩ፣ ንጉሥ ዳግማዊ ሱርያቫርማን በ12ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ለቪሽኑ ያሠራው የካምቦዲያው አንግኮር ዋት ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሯል። ጠዋት ብርሃኑ ከጀርባው ስለሚመጣ ፊቱ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን የድንጋዩ ቅርጽ አንድ በአንድ ይወጣል። እንግዲያስ ፎቶ አንሺው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ሰሜናዊው ኩሬ ዳር ከሕዝቡ ጋር ይጋፋ፣ ጥላውን ያንሳ፣ ለቁርስ ሆቴሉ ይመለስ። ፀሐይዋ ወደ ሕንጻው ፊት ስትዞር ጋደም ይበል። ንጋቱን የግድ ካለም ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን እንዳይሄድ ይጠንቀቅ። ያን ቀን በምዕራቡ በር የቆመ ሰው ፀሐይዋን ልክ በመካከለኛው ግንብ ጫፍ ላይ ስትወጣ ያገኛታል፤ የሠሪዎቹ ሐሳብ ሳይጠራ ካሜራው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ምልክቶቹንም እየለየ ይቁረጣቸው። የአንግኮር ዋት አምስት ግንቦች የአማልክት መኖሪያ የሚባለው የሜሩ ተራራ ጫፎች ናቸው፤ ግቢውን የከበበው፣ 190 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ውሃ ደግሞ የዓለም ዳርቻ ውቅያኖስ ነው። ውሃው ከፎቶው ከወጣ ተራራው ሜዳ ላይ ይቀራል። በምሥራቁ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ አማልክትና አጋንንት በሁለት ወገን ተሰልፈው፣ ታላቁን እባብ እንደ ገመድ እየጎተቱ የወተቱን ባሕር ይንጣሉ። ቅርጹ 49 ሜትር ስለሚረዝም ታሪኩ የሚገባው እየተራመደ ለሚያይ ነው። ፎቶ አንሺው አይራመድ፤ ከጎታቾቹ የአንዱን ፊት ብቻ አቅርቦ ያንሳና ገመዱንም ባሕሩንም ይተዋቸው።

ፍላሽ እንዳይረሳ። በግብፅ፣ ዳግማዊ ራምሴስ ከ3,200 ዓመት ገደማ በፊት ዓለት አስፈልፍሎ ባሠራው የአቡ ሲምበል መቅደስ ውስጠኛ ክፍል አራት ሐውልቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምትና በየካቲት አጋማሽ ገደማ፣ የንጋት ጮራ እስከ ውስጥ ዘልቆ ሦስቱን ያበራል፤ ከሙታን ዓለም ጋር የሚያያዘው ፕታህ ጨለማው ውስጥ ይቀራል። የአስዋን ግድብ ውሃ መቅደሱን ሊውጠው ሲል፣ ከ1964 እስከ 1968 (እ.ኤ.አ.) ተቆራርጦ 65 ሜትር ያህል ከፍ ወዳለ ቦታ ሲዛወር፣ መሐንዲሶቹ አቅጣጫው እንዳይዛባ ተጨንቀው ሠርተዋል። ፎቶ አንሺው ፍላሹን አንዴ ቦግ ቢያደርገው ይህ ሁሉ ጭንቀት መልስ ያገኛል፤ ፕታህም በስንት ዘመኑ ብርሃን ያያል።

ሰው ያለበት ስፍራ ሲሆን ሰውየውን የሕንጻው ዕቃ ማድረግ ያዋጣል። ላሊበላ ላይ ካህኑ መስቀል ይዘው ሲወጡ ሰላምታም ቡራኬም ጊዜ ይፈጃሉ። "አባ፣ መስቀሉን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ። አይ፣ ወደ ግራ። እስቲ አይሳቁ።" ከዚያ ፍላሹ ይደጋገም። እዚያ አንዳንድ ካህናት ጨለማው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርገው የሚታዩት ለምን እንደሆነ ለሚገረም ጎብኚ ምክንያቱ እጁ ላይ ነው።

ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ብቻ አንስቶ ይሂድ፤ ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎች ፖስተር ላይም ያሉት ናቸው። በተፈለፈለው ቦይ ወርዶ፣ ጫማ አውልቆ የገባ ሰው ከአንድ ዓለት የወጣውን ግድግዳ ከሥሩ ቀና ብሎ ያያል፤ ይህ ደግሞ ፖስተሩ ላይ የለም። ቤተ መድኃኔዓለምን ከዝናብና ከፀሐይ ለመከላከል የተተከለው ግዙፍ መጠለያ ከፎቶው ይውጣ፤ ድንጋይ እንደሚያረጅ ተመልካቹ ምን አሳወቀው? በገና ዕለት በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው "ቤዛ ኩሉ" የተባለውን ዝማሬ ሲቀባበሉ፣ ፎቶ አንሺው ትሪፖዱን መሐላቸው ይትከል።

የቀረው መግለጫው ነው። የጃፓን የቡድሃ ቤተ መቅደሶች በካርታ ላይ ሳይቀር የሚታወቁበት፣ ከናዚዎች እጅግ ቀድሞ የነበረው ስዋስቲካ ፎቶው ጠርዝ ላይ ከታየ "ደነገጥኩ!" ተብሎ ይለጠፍ። ለሌላው ሁሉ "ምስጢራዊ ኃይል ያለበት ጥንታዊ ስፍራ" የሚለው ይበቃል፤ ለአንግኮርም ለላሊበላም ፊደል ሳይለወጥ ያገለግላል። "የት አገር ነው? ማን ሠራው?" የሚል ተከታይ ቢመጣ የልብ ምልክት ይላክለት።