እንግዳ ብቻ የቀረበት ሸለቆ

በሰሜን ስኮትላንድ፣ በስፔይ ወንዝ ሸለቆ የበዓል ቤት የተከራየ ሰው ደጅ ላይ የሚቀበለው ባለቤት አያገኝም። የሚጠብቀው ግድግዳው ላይ የተገጠመ፣ በቁጥር የሚከፈት ትንሽ የቁልፍ ሳጥን ነው። ቁጥሩ በስልክ ይላክለታል፤ ከፍቶ ይገባል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ቁልፉን መልሶ እዚያው ከቶ ይሄዳል። «መንገዱ እንዴት ነበር? ልጆቹ አልደከሙም?» የሚል የለም። ከኤድንብራና ከግላስጎው ቤተሰብ ጭነን በየዓመቱ ወደዚያ የምንወጣ ሁሉ ይህን አይተነዋል፤ ተነጋግረንበታል፤ አሁንስ መረረን።

የኪራዩ ውድነት አንሶ «ለጽዳት» ተብሎ ሌላ ገንዘብ ይጨመርበታል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የትእዛዝ ወረቀት ይጠብቀናል፤ አንሶላውን ግፈፉ፣ ዕቃውን አጥባችሁ መልሱ፣ ቆሻሻውን በየዓይነቱ ለዩ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ውጡ ይላል። አዲሱ እንግዳ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይገባል። በመካከል ባለው ጊዜ ውስጥ የጽዳት ሠራተኞቹ ከቤት ወደ ቤት ሲሮጡ ይውላሉ። አልጋ አንጥፈው የጨረሱበትን መንደር ትተው ማታ ወደ ሩቅ ከተማ የሚነዱ አሉ፤ እዚያው የሚከራዩት ቤት ስላላገኙ ነው። እኛ ለሰባት ሌሊት የምንገባበት ቤት ለእነሱ ለዓመት አልተገኘም።

ቡና መቁላት እንኳ ጣጣ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2022 ጀምሮ በስኮትላንድ የመኖሪያ ቤቶች የጭስ ማንቂያዎች እርስ በርስ መያያዝ አለባቸው። ሕጉ ነፍስ የሚያድን ነው፤ በሕጉ ቅር አይለንም። ግን የሳሎኑ ጭስ ሲሸተው የመኝታ ቤቱም የኮሪደሩም አንድ ላይ ይጮሃሉ፤ እንዴት እንደሚጠፋ የሚያሳይ ሰው አጠገብ የለም። ደጅ ወጥተን እንቁላ ስንል ደግሞ ሚጅ የሚሏት ደቃቃ ተናካሽ ዝንብ በደመና ትወርድብናለች። ሚጅ ነፋስ አትችልም፤ አየሩ ረግቶ ሲረጥብ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የምትበረታው። የሰፈሩ ሰው ቢኖር «ዛሬ ነፋስ የለም፤ ወንዙ ዳር አትቀመጡ» ብሎ በአንድ ቃል ይገላግለን ነበር። በማስታወቂያው ፎቶ ላይ ሚጅ አትታይም፤ ቁልፍ ሳጥኑም አይናገር።

እንግዳ ማስተናገድ ለዚህ ሸለቆ አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ ይገባን ነበር። ግን አይደለም። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1860 ማንነቷን ደብቃ ግራንታውን ከተማ ውስጥ ሆቴል አድራለች። ባቡር በ1863 በዚሁ ሸለቆ እስካለችው አቪሞር ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ የከተማ ቤተሰብ ለሙሉ የበጋ ወራት ቤት እየተከራየ ይመጣ ነበር። ያኔ ብዙው ባለቤት ፊት ለፊት ያለውን ቤት ለእንግዳ ለቆ፣ ከነልጆቹ ጓሮ ወዳለችው ትንሽ ቤት ይዛወር ነበር። ገንዘቡን ያገኛል፤ ከመንደሩ ግን አይወጣም። እንግዳው ወተት ሲፈልግ፣ መንገድ ሲጠፋው፣ ልጅ ሲታመምበት የሚያንኳኳው በር ነበረው። ዛሬ የጓሮዋም ቤት ለብቻዋ ትከራያለች፤ ባለቤቱ ሌላ አገር ሆኖ ሒሳቡን በስልክ ይከታተላል።

መንግሥት ምንም አላደረገም ማለት ግፍ ይሆናል። ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ ተደርጓል፤ ነባሮቹ እስከ ጥቅምት 1 ቀን 2023 እንዲያመለክቱ ቀነ ገደብ ተቆርጦላቸው ነበር። የሃይላንድ ምክር ቤትም ባደኖክና ስትራዝስፔይ የተባለውን ይህንኑ አካባቢ ከመጋቢት 4 ቀን 2024 ጀምሮ በልዩ ቁጥጥር ሥር አውሎታል፤ ቀኖቹ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ የራሱ ዋና መኖሪያ ያልሆነውን ቤት ወደ በዓል ቤት የሚለውጥ ሰው የፕላን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ደግ ተደረገ። ግን አስቀድሞ የተለወጠውን ቤት ወደ መኖሪያነት አይመልሰውም። ግብሩም አለ። በሁለተኛ መኖሪያ ቤት ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ግብር እስከ እጥፍ እንዲደርስ ከ2024 ጀምሮ ተፈቅዷል። በዓመት 140 ቀን ለኪራይ ቀርቦ 70 ቀን የተከራየ ቤት ግን እንደ ንግድ ቤት ይቆጠራል፤ ለግብር የተገመተው ዋጋ ከ12,000 ፓውንድ ካልበለጠና ባለቤቱ ሌላ ንግድ ቤት ከሌለው ከግብሩ ከነጭራሹ ነፃ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ያለች የትምህርት ቤት ሠራተኛ ሙሉ ግብር እየከፈለች ኪራይ ቤቱ ነፃ ሲወጣ ማየት ያንገበግባል።

ለጉብኝት ስንወጣም ያው ነው። ወደ ሎክ አን ኢለን፣ በሐይቁ መሐል የፈረሰ ግንብ ወዳለበት፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይጎርፋል፤ ምክንያቱም ሁሉም ያየው አንድ ፎቶ ነው። በጠባቡ የገጠር መንገድ መኪና ለመኪና እንዲተላለፍ የተተወችው ቦታ ላይ ቆመው ለእግር ጉዞ የሚሄዱ አሉ፤ ከኋላ አምቡላንስ ቢመጣ ያልፍበት የለም። የ2003ቱ የመሬት ሕግ ማንም ሰው በኃላፊነት ሜዳውንና ጫካውን እንዲያቋርጥ፣ ድንኳን ጥሎ እንዲያድር መብት ሰጥቷል፤ እንዲህ ያለ ደግ ሕግ በብዙ አገር የለም። መብቱ ግን ለሞተር ተሽከርካሪ አልተሰጠም። ሆኖም መኝታ ያለውን መኪና ሐይቁ ዳር ደቅኖ የሚያድረው በዚያው ሕግ ስም ነው። ካፐርኬሊ የሚባለው ትልቁ የጫካ ወፍ በ2021/22ቱ ቆጠራ በመላ አገሪቱ 500 ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ አብዛኛው በዚሁ አካባቢ ጥድ ውስጥ ነው። መሬት ላይ ነው የሚፈለፍለው። ውሻውን ፈቶ በዚያ ጫካ ለሚለቅ ጎብኚ ይህን የነገረው ሰው የለም።

ጎብኚ ሁሉ አጥፊ ነው አንልም፤ እኛም ጎብኚዎች ነን። ሎክ ጋርተን የተባለው ሐይቅ ይመስክር። ከስኮትላንድ ጠፍቶ የነበረው ዓሣ አዳኙ ወፍ ኦስፕሪ በ1950ዎቹ ተመልሶ እዚያ ጎጆ ሠራ፤ በ1958 እንቁላሉን ሌባ አጠፋው። የአእዋፍ ጠባቂው ማኅበር በማግስቱ ዓመት ቦታውን ከመዝጋት ይልቅ መመልከቻ ሠርቶ ለሕዝብ ከፈተው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው መጣ፤ ወፉም ረባ። እዚያ እንግዳውን ተቀብሎ የሚያሳየውና የሚያስረዳው ሰው ነበረ፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ዓይን ጠባቂ ሆነ። ሰው ተቀባይ ሲኖረው እንዲህ ነው።

በ2025 በሰኔ መጨረሻ ካርብሪጅ መንደር አጠገብ ጋራው ለቀናት ሲነድ፣ ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ጎን የቆሙት ገበሬዎችና የዱር አራዊት ጠባቂዎች ነበሩ። በገጠሩ ከእሳት አጥፊዎቹ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ያላቸውና ሲጠሩ የሚሮጡ ናቸው። ተራራ ላይ እግሩ የተሰበረውን የሚያወርደው ቡድንም የበጎ ፈቃድ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ይፈልጋሉ። መንደሩ ሁሉ የቅዳሜ እንግዳ ከሆነ በማክሰኞ ሌሊት ማን ይነሳል?

የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። የግብሩ ቀዳዳ ይደፈን። የሚሠራው አዲስ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ይሰጥ። ለጫካና ለሐይቅ ጠባቂዎች በቂ ገንዘብ ይመደብ፤ መኪና ማቆሚያው ጋ ሰው ይቁም። እኛም የምንከራየውን ቤት ስንመርጥ ስለ ሙቅ ውኃ ገንዳውና ስለ መስኮቱ እይታ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱ የት እንደሚኖር እንጠይቅ፤ መንደሩ ውስጥ ለሚኖረው እንክፈል። ሸለቆው ውብ ነው፤ ስለምንወደው ነው የምንጮኸው። ሰው የሚኖርበት ሆኖ ካልቀጠለ ግን እንግዳም የሚሄድበት ምክንያት አይኖረውም።